አቤቱታ ወደ ባሕር ማዶ

የፖለቲካ ተቃውሞ ንቅናቄ በአገሩ ሰሚ ሲያጣ አቤቱታውን ወደ ውጭ ማሻገሩ በየዘመኑና በየአገሩ የታየ ነገር ቢሆንም፣ በአውሮፓ ቅኝ አገዛዝ ሥር ሳይወድቁ በመቅረታቸው በሚኮሩ አገሮች ዘንድ ግን ይህ ድርጊት ከሌላው ሥፍራ የከበደ ስም ያሰጣል። በእነዚህ አገሮች የነጻነት ታሪክ የመንግሥትም የሕዝብም የጋራ ኩራት በመሆኑ፣ የባዕድ መንግሥት ደጅ የጠና ተቃዋሚ ጥያቄው ምንም ያህል ተገቢ ቢሆን «ባንዳ» ወይም «የውጭ ኃይል ተላላኪ» ለመባል የተመቻቸ ይሆናል። ኢትዮጵያ ከእነዚህ አገሮች አንዷ ስትሆን፣ በሩቅ ምሥራቅ ደግሞ የቀድሞዋ ሲያም የዛሬዋ ታይላንድ ትጠቀሳለች።

በታይላንድ የጦር ኃይሉ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2006 ጠቅላይ ሚኒስትር ታክሲን ሺናዋትራን ከሥልጣን ካወረደ በኋላ፣ ብዙዎቹ ከሰሜንና ከሰሜን ምሥራቅ ገጠር የመጡ ደጋፊዎቻቸው ቀይ ሸሚዝን መለያቸው አድርገው ተነሡ፤ በ2010 የባንኮክን የንግድ ማዕከል ለሳምንታት ከያዙ በኋላም ሠራዊቱ በኃይል በተናቸው፣ ከዘጠና በላይ ሰዎች ሞቱ። ንቅናቄው በአገሩ ፍርድ ቤት ፍትሕ አገኛለሁ ብሎ ስላላመነ፣ ሮበርት አምስተርዳም በተባሉ ካናዳዊ ጠበቃ አማካይነት በ2011 መጀመሪያ ላይ ሔግ ለሚገኘው ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት አቤት አለ። ታይላንድ ግን፣ ልክ እንደ ኢትዮጵያ፣ ፍርድ ቤቱን ያቋቋመውን የሮም ስምምነት አላጸደቀችም፤ ጠበቃው ይህን ለማለፍ ያቀረቡት መከራከሪያ በግድያው ወቅት ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አቢሲት ቬጃጂቫ በእንግሊዝ አገር በመወለዳቸው የብሪታንያ ዜግነት አላቸው፣ ብሪታንያም የስምምነቱ አባል ናት የሚል ነበር። ብልሃቱ ብልሃት ሆኖ ቀረ እንጂ ፍርድ ቤቱ መደበኛ ምርመራ አልከፈተም። ቀይ ለባሾቹ ከሔግ ያላገኙትን በዚያው ዓመት በጁላይ በተካሄደው ምርጫ ከአገራቸው መራጭ አገኙት፤ የታክሲን እኅት ዪንግላክ ሺናዋትራ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ።

የኢትዮጵያ ንቅናቄዎች ታሪክ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ ወዲህ ያለው ዘመን በጥሞና ሲታይ፣ ከባዕዳን መንግሥታት የተገኘው ድጋፍ በአብዛኛው ከመግለጫ ያላለፈ መሆኑ፣ ከዚያ ያለፈውም ቢሆን ባዕዳኑ በራሳቸው ፈቃድ የሰጡት ሳይሆን በባዕድ አገር የምርጫ ካርድ የያዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ያስገኙት መሆኑ ይታያል። የአቤቱታው ዋጋ ግን በዋሽንግተን ወይም በብራስልስ አልተከፈለም። የተከፈለው በቃሊቲ፣ በዝዋይ፣ በቂሊንጦና በሸዋ ሮቢት ማረሚያ ቤቶች ነው።

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከዋና ከተማዋ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ የጣርማበር ዳገት ወደ ቆላ ከሚወርድበት ግርጌ የምትገኝ የቀወት ወረዳ ከተማ ናት። በቀድሞው አጠራር ይፋትና ጥሙጋ አውራጃ ይባል የነበረው ይህ ምድር በማሽላው፣ በማሾው፣ በሽንኩርቱና በትምባሆ እርሻው የታወቀ ሲሆን፣ አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ በገበያና በጋብቻ ተሳስሮ የኖረበት፣ አልፎ አልፎም በግጦሽና በውኃ የተጋጨበት ነው። ከፌዴራሉ መንግሥት ማረሚያ ቤቶች አንዱ የሚገኘውም እዚሁ ሙቀት ውስጥ ነው።

ይፋት ለባሕር ማዶ አቤቱታም እንግዳ አይደለችም። በመካከለኛው ዘመን አካባቢውን ይገዙ የነበሩት የወላስማ ሥርወ መንግሥት ሱልጣኖች ከክርስቲያኑ ነገሥታት ጋር በሚጋጩበት ጊዜ ዓይናቸውን የሚጥሉት ወደ ካይሮና ወደ የመን ነበር። ዓረቡ ጸሐፊ አል-ዑመሪ በአሥራ አራተኛው መቶ ዘመን እንደ መዘገበው፣ አብዱላህ አል-ዘይላዒ የተባለ የሃይማኖት ሰው ካይሮ ድረስ ሄዶ የማምሉኩ ሱልጣን በእስክንድርያው ፓትርያርክ በኩል ለኢትዮጵያው ንጉሥ ደብዳቤ እንዲያስጽፍ ተማጽኗል። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጳጳሷን የምታገኘው ከእስክንድርያ ነበርና፣ ፓትርያርኩ ንጉሡን ሊያሰማ የሚችል ድምፅ እንዳለው አብዱላህ በሚገባ ተረድቷል፤ ዛሬ «ሎቢ» የሚባለው፣ ማለትም ባለ ሥልጣንን በሚያዳምጠው ሰው በኩል የማግባባት ሥራ፣ ከዚህ የተለየ ነገር የለውም። ደብዳቤው ተጻፈ፤ ዓፄ ዓምደ ጽዮን የይፋቱን ሱልጣን ሰብረዲንን እ.ኤ.አ. በ1332 ድል ያደረጉበት ዘመን ጦርነት ግን በደብዳቤው አልቆመም። ከዚያ በኋላ የተነሣው ሱልጣን ሰዓደዲን ዘይላ ላይ ሲገደል ልጆቹ ወደ የመን ተሻግረው በዚያ ንጉሥ ዘንድ ተጠለሉ፤ ከጥቂት ጊዜም በኋላ ተመልሰው ትግሉን ቀጠሉ። በይፋት ተረተሮች ላይ እስከ ዛሬ የሚታዩት የጥንት መስጊዶችና ከተሞች ፍርስራሾች የዚያ ዘመን ቅሪቶች ናቸው።

ወደ ቅርቡ ዘመን ሲመጣ መነሻው ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. የተካሄደው ምርጫ ነው። መኢአድ፣ ኢዴፓ-መድኅን፣ ቀስተ ደመናና የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ሊግ የተባሉት ፓርቲዎች የመሠረቱት ቅንጅት፣ በአዲስ አበባ ለተወካዮች ምክር ቤት የተመደቡትን 23 መቀመጫዎች በሙሉ፣ ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች ደግሞ ከአንዱ በስተቀር ሁሉንም አሸነፈ። በአገር አቀፍ ደረጃ ያለው ውጤት ግን አከራካሪ ሆነ፤ ሰኔ 1 ቀን 1997ና በጥቅምት ወር 1998 በተነሡት ተቃውሞዎች የጸጥታ ኃይሎች ተኩስ ከፈቱ። መንግሥት ራሱ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ያገኘው የሲቪል ሟቾች ቁጥር 193 ነበር፤ ይህ ቁጥር በዓለም የታወቀውም የኮሚሽኑ ምክትል ሰብሳቢ የነበሩት ዳኛ ወልደ ሚካኤል መሸሻ ማስረጃውን ይዘው ከአገር ከወጡ በኋላ ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ታፍሰው ወደ ደዴሳና ወደ ሌሎች ካምፖች ተወሰዱ፤ የቅንጅት መሪዎች፣ ጋዜጠኞችና የሲቪክ ማኅበራት ሰዎችም በአገር ክህደትና በሌሎች ከባድ ወንጀሎች ተከሰሱ።

በዚያ ወቅት የአዲስ አበባ ሕዝብ በውጭ ታዛቢዎች ላይ የጣለው ተስፋ ምን ያህል እንደ ነበር ለአውሮፓ ኅብረት የምርጫ ታዛቢ ቡድን መሪ፣ ለፖርቱጋላዊቷ የአውሮፓ ፓርላማ አባል ለአና ጎሜዝ ከተሰጠው ቅጽል ስም መረዳት ይቻላል። ሴትዮዋ ምርጫው ዓለም አቀፍ መመዘኛዎችን አላሟላም በማለታቸው በከተማው ሰው አፍ «ሐና ጎበዜ» ሆኑ። በመንግሥት ወገን ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ለሪፖርታቸው በጋዜጣ ረጅም መልስ እስከ መጻፍ ደረሱ። ይሁንና ሐና ጎበዜም ሆኑ ምርጫውን ሊታዘቡ በአካል የተገኙት የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ከመታዘብ ያለፈ ሥልጣን አልነበራቸውም።

ሥልጣን የነበራቸው ገንዘብ ሰጪዎቹ ነበሩ። የዓለም ባንክ፣ የአውሮፓ ኅብረት፣ ብሪታንያና ሌሎችም በ1998 ዓ.ም. በቀጥታ ለመንግሥት በጀት ይሰጡት የነበረውን ድጋፍ አቋረጡ፤ ለንቅናቄው ደጋፊዎች ይህ ትልቅ ድል መስሎ ነበር። ብዙ ወራት ሳይቆዩ ግን ያው ገንዘብ «የመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ» በተባለ ፕሮግራም ስም፣ በክልሎች በኩል አልፎ ለወረዳዎች የሚደርስ ሆኖ ተመለሰ፤ እንደ ቀወት ባለ ወረዳ የሚሠራ መምህር፣ የጤና ሠራተኛና የግብርና ባለሙያ ደመወዝ የሚደገፈውም ከዚሁ ነበር። ለጋሾቹ ድሃውን ሳይጎዱ መንግሥትን መቅጣት ፈለጉ፤ ወረዳውም የመንግሥት አካል በመሆኑ ቅጣቱ ቅጣት አልሆነም። እርዳታን የማስቋረጥ ጥሪ በየጊዜው ሲሰማ ይህ ተሞክሮ አለመነሣቱ ያስገርማል።

በዚህ መካከል በዋሽንግተን ሌላ ሥራ ተጀምሮ ነበር። በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በየከተማው የድጋፍ ማኅበር አቋቁመው ለእስረኞች ቤተሰብ ገንዘብ ከማሰባሰብ አልፈው፣ የምክር ቤት አባላትን ቢሮ ማንኳኳት ያዙ። በመጀመሪያ የኒው ጀርሲው ሪፐብሊካን ክሪስ ስሚዝ፣ ቀጥሎም የዚያው ክፍለ ግዛት ዴሞክራት ዶናልድ ፔይን የኢትዮጵያን መንግሥት ለሰብአዊ መብት ጥሰት ተጠያቂ የሚያደርግ ረቂቅ ሕግ አቀረቡ። «ኤች አር 2003» በሚል ቁጥር የታወቀው የፔይን ረቂቅ መስከረም 21 ቀን 2000 ዓ.ም. በተወካዮች ምክር ቤት አለፈ። በአሜሪካ ሥርዓት አንድ ረቂቅ ሕግ የሚሆነው ሴኔት የተባለው ሁለተኛው ምክር ቤት ካጸደቀውና ፕሬዚዳንቱ ከፈረመበት ብቻ ሲሆን፣ ይህኛው በሴኔት ሳይታይ ሞተ። የኢትዮጵያ መንግሥት ዲኤልኤ ፓይፐር የተባለውን ታላቅ የጥብቅና ድርጅት ቀጥሮ ነበር፤ ከተከራካሪዎቹም አንዱ የምክር ቤቱ የቀድሞ የሪፐብሊካን መሪ ዲክ አርሚ ነበሩ። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የመንግሥት ጠበቃ የሆነው የሶማሊያ ጦርነት ነው፤ የኢትዮጵያ ሠራዊት በታኅሣሥ 1999 ሞቃዲሾ ከገባ ወዲህ፣ አሜሪካ በአፍሪካ ቀንድ ዋና አጋሯ ያደረገችውን መንግሥት በሕግ የምትቀጣበት ምክንያት አልነበራትም።

መሪዎቹም የተፈቱት በአሜሪካ ሕግ አይደለም። በፕሮፌሰር ኤፍሬም ይስሐቅ የሚመራው የሽማግሌዎች ቡድን ለወራት ከወህኒ ቤት ወደ ቤተ መንግሥት ሲመላለስ ከቆየ በኋላ፣ መሪዎቹ የይቅርታ ጥያቄ ፈርመው፣ የዕድሜ ልክ እስራት በተፈረደባቸው በቀናት ውስጥ ሐምሌ 13 ቀን 1999 ዓ.ም. ተለቀቁ። የውጭው ግፊት ሽምግልናውን አላገዘውም ማለት አይቻልም፤ በሩን የከፈተው ግን አገርኛው ሥርዓት ነው። ወዲያው በውጭ ያሉት የድጋፍ ማኅበራትም፣ ቅንጅት ራሱም፣ በአመራርና በገንዘብ ጠብ ለሁለት ተሰነጠቁ፤ ድጋፍ ፍለጋ የወጣው ንቅናቄ ድጋፉን እንደ ተካፈለው ሀብት ተጣላበት።

ከይቅርታው በኋላ አንድነት ለዴሞክራሲና ለፍትሕ ፓርቲን የመሩት የቀድሞዋ ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ ላይ የደረሰው ግን የዚህን ጉዳይ ጠባይ ከሁሉ በተሻለ ያሳያል። ወይዘሪት ብርቱካን በ2001 ዓ.ም. መጀመሪያ ስዊድን ሄደው ከኢትዮጵያውያን ጋር በተደረገ ስብሰባ ስለ ይቅርታው አሰጣጥ የተናገሩት ቃል ይቅርታውን እንደ መካድ ተቆጥሮ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2001 ዓ.ም. ታስረው የተሰረዘላቸው የዕድሜ ልክ ፍርድ እንደገና ጸናባቸው። የተፈቱት መስከረም 26 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው። ስቶክሆልም ላይ የተነገረ ጥቂት ቃል ቃሊቲ ላይ ሃያ አንድ ወር አስቆጠረ።

መንግሥት በበኩሉ ከ1997 የወሰደው ትምህርት የውጭውን ቀዳዳ በሕግ መድፈን ነበር። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 በሰብአዊ መብት፣ በዴሞክራሲና በመሳሰሉት ጉዳዮች የሚሠራ ማኅበር ከውጭ የሚያገኘው ገንዘብ ከገቢው ከመቶ አሥር እንዳይበልጥ ደነገገ። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም የመሠረቱት የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤ፣ በአጭሩ ኢሰመጉ፣ ስሙን እንዲቀይር ተገደደ፤ የባንክ ሒሳቡም ታገደ፤ የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ተመሳሳይ ዕጣ ገጠመው። በዚያው ዓመት የጸደቀው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 ደግሞ «ሽብርተኛ» ተብሎ ከተፈረጀ ድርጅት ጋር የሚደረግን ግንኙነት ወንጀል አደረገ፤ በ2003 ዓ.ም. ግንቦት ሰባት፣ ኦነግና ኦብነግ በምክር ቤት ሲፈረጁ፣ በውጭ የሚኖር ዘመዱን በስልክ የሚያነጋግር ተቃዋሚ ሁሉ ምን እንደ ተናገረ እንዲያስብ የሚያደርግ ሁኔታ ተፈጠረ። ከቅንጅት መሪዎች አንዱ የነበሩት ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ በበኩላቸው የሰላማዊ ትግል በር ተዘግቷል በማለት ግንቦት ሰባትን መሥርተው የኤርትራን ድጋፍ ፈለጉ፤ የድርጅቱ ዋና ጸሐፊ አንዳርጋቸው ጽጌ በሰኔ 2006 ዓ.ም. በሰንዓ አውሮፕላን ማረፊያ ተይዘው ለኢትዮጵያ ተላልፈው ተሰጡ፣ የብሪታንያ ዜጋ መሆናቸውም ከአራት ዓመት እስር አላዳናቸውም። ገዥው ግንባርና አጋሮቹ ሁሉንም 547 መቀመጫዎች ያሸነፉበት የ2007 ምርጫ ከተካሄደ በኋላ በሐምሌ ወር አዲስ አበባ የገቡት ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማም መንግሥቱን «በዴሞክራሲያዊ መንገድ የተመረጠ» ሲሉ ጠሩት። ከዋሽንግተን ድጋፍ ይጠብቅ ለነበረ ሰው ከዚህ የከፋ ቃል አልነበረም።

ነገሩ የተለወጠው ከውጭ ሳይሆን ከውስጥ ነው። በኅዳር 2008 ዓ.ም. በጊንጪ የተነሣው የኦሮሞ ወጣቶች ተቃውሞ በመላው ኦሮሚያ ሲዛመት፣ በሐምሌ ወር ጎንደር፣ በነሐሴ መጀመሪያ ባሕር ዳር አደባባይ ወጡ፤ በነሐሴ 15ም አትሌት ፈይሳ ሌሊሳ በሪዮ ኦሊምፒክ ማራቶን ሁለተኛ ሆኖ ሲገባ እጆቹን ከራሱ በላይ አጣምሮ የተቃውሞውን ምልክት ለዓለም አሳየ። በዓመታት የዋሽንግተን ደጅ ጥናት ያልተገኘ የዓለም ጆሮ በዚያች ቅጽበት ተገኘ። መንግሥት ግን ለዚህም መልስ ነበረው። በመስከረም 2009 መጨረሻ የታወጀውን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያስፈጽም የነበረው ኮማንድ ፖስት ባወጣው መመሪያ የእጅ ማጣመር ምልክቱን ከለከለ፤ ከውጭ የሚሠራጩትን የኢሳትንና የኦኤምኤንን ቴሌቪዥኖች መመልከት አገደ፤ ፀጥታን ሊጎዳ ይችላል የተባለን ከውጭ መንግሥታትና ድርጅቶች ጋር መገናኘትም እንዲሁ። ዲፕሎማቶችም ከአዲስ አበባ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ያለ ፈቃድ እንዳይወጡ ተደረገ፤ ይህ ክልከላ በሥራ ላይ በቆየባቸው ሳምንታት አንድ አምባሳደር ሸዋ ሮቢት ሊደርስ ይቅርና ደብረ ብርሃንም መግባት አይችልም ነበር።

አምባሳደር በማይደርስበት በዚያ ሥፍራ ምን ይደረግ እንደ ነበር የታወቀው በኋላ በፍርድ ቤት ነው። ነሐሴ 28 ቀን 2008 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዳር በሚገኘው የቂሊንጦ ማረሚያ ቤት እሳት ተነሥቶ ከሃያ በላይ እስረኞች ሲሞቱ፣ ከተረፉት ብዙዎቹ በፖለቲካ የተከሰሱትን ጨምሮ ወደ ሸዋ ሮቢትና ወደ ዝዋይ ተዛወሩ። ቃጠሎውን አስነሥታችኋል ተብለው ከተከሰሱት 38 ሰዎች ብዙዎቹ በሸዋ ሮቢት እንዲያምኑ ሲባል መገረፋቸውንና መሰቃየታቸውን ለፌዴራሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በዝርዝር ተናገሩ፤ አንዳንዶቹም ቁስላቸውን ለችሎት አሳዩ፣ ጉዳዩም በሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን እንዲጣራ ተደረገ። ከተከሳሾቹ መካከል የስዊድን ዜግነት ያላቸው የልብ ሐኪም ዶክተር ፍቅሩ ማሩ ይገኙ ነበር፤ እሳቱ ሲነሣ ሆስፒታል ተኝተው የነበሩ ሰው መሆናቸው በሰፊው ተዘግቧል። የእርሳቸውን ጉዳይ የስዊድን መንግሥትና ጋዜጦች ሲከታተሉ፣ ሌላ ፓስፖርት የሌለው ተከሳሽ ግን ያለው ድጋፍ ቤተሰቡ ብቻ ነበር። ያ ድጋፍ ደግሞ ሌሊት ተነሥቶ አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ ጣርማበርን ወርዶ፣ በይፋት ሙቀት የማይበላሸውን ድርቆሽና በሶ አሥሮ፣ ከማረሚያ ቤቱ በር ላይ ሰልፍ መያዝ ማለት ነው። በውጭ ያሉ ማኅበራት ከሠሩት ሥራ ሁሉ ለእስረኛው በእርግጥ የደረሰው ለዚህ ጉዞ የላኩት የትራንስፖርትና የስንቅ ገንዘብ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

በእነዚያው ወራት የኦሮሞ ፌዴራሊስት ኮንግረስ ሊቀ መንበር ዶክተር መረራ ጉዲና ወደ ብራስልስ ተጉዘው ጥቅምት 30 ቀን 2009 ዓ.ም. በአውሮፓ ፓርላማ ስለ አገራቸው ሁኔታ ተናገሩ። ጋባዧ እኚያው አና ጎሜዝ ነበሩ፤ በመድረኩ ላይ ከዶክተር መረራ ጋር ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋና አትሌት ፈይሳ ተቀምጠው ነበር። በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡት ሦስት ሰዎች የዘመኑን ሦስት የድጋፍ ፍለጋ መንገዶች ይወክሉ ነበር ማለት ይቻላል፤ አንዱ በሕጋዊ ፓርቲ፣ አንዱ በጎረቤት አገር በተደራጀ ጦር፣ አንዱ በስፖርት ዝና። ከሦስቱ ወደ አዲስ አበባ የሚመለሱት ግን ዶክተር መረራ ብቻ ነበሩ። ኅዳር 21 ቀን እንደ ተመለሱ ከመኖሪያ ቤታቸው ተያዙ፤ ምክንያቱም ከሽብርተኛ ድርጅት መሪ ጋር በመገናኘት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁን ጥሰዋል የሚል ነበር። የአውሮፓ ፓርላማ በግንቦት 2009 እንዲፈቱ የሚጠይቅ የውሳኔ ሐሳብ አጸደቀ፤ እርሳቸው ግን የተፈቱት ገዥው ግንባር በራሱ ውስጥ በተፈጠረው መናጋት እስረኞችን እለቃለሁ ካለ በኋላ ጥር 9 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው።

በዋሽንግተን ግን ከአሥር ዓመት በፊት ያልሠራው መንገድ በዚህ ጊዜ በተሻለ ሁኔታ ሠራ። ክሪስ ስሚዝ ያቀረቡትን «ኤች ሬስ 128» የተባለ የውሳኔ ሐሳብ ከደገፉት መካከል ዋነኛው የኮሎራዶው ማይክ ኮፍማን ነበሩ፤ ሰውየው ለኢትዮጵያ ለምን እንዲህ እንደ ተጨነቁ የሚጠይቅ ሰው የምርጫ ክልላቸውን ማየት ይበቃዋል፤ ኦሮራ የተባለችው ከተማ የብዙ ኢትዮጵያውያን መኖሪያ ናት፣ ኮፍማንም በጠባብ ልዩነት የሚመረጡ ሰው ነበሩ። የኢትዮጵያ ኤምባሲ በወር 150,000 ዶላር የሚከፈለው የሎቢ ድርጅት ቢቀጥርም፣ መንግሥትም ሐሳቡ ከጸደቀ የፀረ ሽብር ትብብሩ ሊቋረጥ ይችላል ብሎ በማስጠንቀቁ ድምፅ መስጠቱ በ2010 መጀመሪያ ቢዘገይም፣ ምክር ቤቱ ሚያዝያ 2 ቀን 2010 ዓ.ም. አጸደቀው። የውሳኔ ሐሳብ እንደ ሕግ አስገዳጅ ኃይል የለውም። ሲጸድቅም ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ሥልጣን ለቅቀው ዶክተር ዐቢይ አሕመድ ከተሾሙ ስምንት ቀን ሆኗቸው ነበር፤ በአምቦ፣ በጎንደርና በወልድያ ጎዳናዎች የተገኘው ለውጥ የአሜሪካን ምክር ቤት ቀድሞት ነበር። የውጭ ገንዘብን ከመቶ በአሥር የገደበው አዋጅም በ2011 በአዋጅ ቁጥር 1113 ተሻረ፤ ወይዘሪት ብርቱካንም በዚያው ዓመት የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆኑ።

ለይፋት ግን እፎይታው አጭር ነበር። በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አጣዬና አካባቢዋ ሲቃጠሉ፣ ብዙ ሰው ሲሞትና በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ሲፈናቀል፣ በባሕር ዳር፣ በደብረ ብርሃን፣ በደሴ፣ በደብረ ማርቆስና በሌሎች የአማራ ክልል ከተሞች ሕዝብ በተቃውሞ አደባባይ ወጣ። ይህ ተቃውሞ የይፋትን ስም ይዞ የተነሣ፣ ጥያቄውንም ለባዕድ ሳይሆን ለራሱ መንግሥት ያቀረበ ነበር፤ ከውጭ የፈለገውና ያገኘው በባሕር ማዶ ያሉ ወገኖች ለተፈናቃይ ያሰባሰቡትን ገንዘብ ነው።

ከስምንት ወር በኋላ ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። በኅዳር 2014 ዓ.ም.፣ በትግራዩ ጦርነት የሕወሓት ኃይሎች ወደ ደቡብ ገፍተው ሸዋ ሮቢትን በያዙበት ሰሞን፣ ኅዳር 12 ቀን በዋሽንግተን፣ በለንደንና በሌሎች ከተሞች በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን «በቃ» ብለው ሰልፍ ወጡ። የሰልፉ መልእክት የውጭ መንግሥታት እጃቸውን ያንሡ የሚል ነበር። ከሰልፈኞቹ ብዙዎቹ ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚያው ጎዳና አሜሪካ በኢትዮጵያ መንግሥት ላይ እርምጃ እንድትወስድ ሲጮኹ የነበሩ ናቸው፤ በሌላ ጎን ደግሞ የትግራይ ተወላጆች በዚያው ሰሞን በዚያው ከተማ ተቃራኒውን ይጠይቁ ነበር። ይህን ግብዝነት ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ይሁንና አቤት ባይ ሁልጊዜ የሚያመለክተው በወቅቱ ይጠቅመኛል ለሚለው ወገን መሆኑን ላስተዋለ ሰው፣ ከአብዱላህ አል-ዘይላዒ ዘመን ጀምሮ የተለወጠ ነገር ጥቂት ነው።

መንግሥት ሸዋ ሮቢት መለቀቋን ኅዳር 22 ቀን አስታወቀ። በዚያ ጊዜ ትውልደ ኢትዮጵያውያን አሜሪካውያን የምርጫ ካርዳቸውን አንዴ ተጠቅመውበት ነበር፤ በባይደን አስተዳደር የተቆጡት ወገኖች በጥቅምት ወር መጨረሻ በተካሄደው የቨርጂኒያ ክፍለ ግዛት ምርጫ ለሪፐብሊካኑ ግሌን ያንግኪን ቀስቅሰዋል፣ እርሳቸውም በጠባብ ልዩነት አሸንፈው ገዥ ሆነዋል። ኢትዮጵያ ግን የአፍሪካ አገሮች ምርታቸውን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከሚያስገቡበት የአጎዋ ዕድል ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ወጣች፤ ያ ውሳኔ የፕሬዚዳንቱ እንጂ የቨርጂኒያው ገዥ አልነበረምና።